ሲጠይቅህ አይሆንም በል

ጠቅ… ጠቅ… እርርር። ከዚያ ዝም። ከዚያ እንደገና፣ ጠቅ።

ረይሀና ድምፁን የሰማችው ገና ከደረጃው ሥር ሳለች ነው። የዚያ ቤት ደረጃ በበጋ ቀን እንኳ ጨለማ ነው፤ ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ግድግዳውን ሳይደግፉ አይወጣም። አራተኛዋን ሳንቃ ዘለለቻት። ያቺ ሳንቃ ከተረገጠች ጩኸቷ ግቢውን ሁሉ ያዳርሳል። «ልጄ፣ እሷን ዝለያት። አርጅታለች፣ ትረፍ» ብለው ያስተማሯት ጋሽ ፀሐዬ ናቸው። ያኔ ረይሀና ሰባት ዓመቷ ነበር። አሁን አሥራ አምስት ሞልቷታል፣ እግሯ ሳያስብ ይዘላል።

ድምፁ ከጋሽ ፀሐዬ ክፍል ጥግ፣ ከአሮጌው ኮምፒውተር ነው የሚመጣው። መብራት ካልሄደ በስተቀር ተዘግቶ አያውቅም። ጋሽ ፀሐዬ ሲተኙም፣ ሲወጡም፣ እሱ ጥጉን ይዞ እንደታመመ ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ ይውላል። ረይሀናና እናቷ ከታች ባሉት ሁለት ክፍሎች ስለሚኖሩ በጣሪያቸው በኩል ይሰማቸዋል። እናቷ ሀጂራ አንዳንድ ቀን «ዛሬስ አመመው መሰለኝ» ትላለች።

ቁልፉን ከበሩ ጉበን ላይ አንስታ ገባች። ወቅቱ ፍልሰታ ነው። ጋሽ ፀሐዬ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ገብተዋል፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይመለሱም። እስከዚያ ትጨርሳለች። የቀረው ትንሽ ነው።

ጋሽ ፀሐዬ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ሠላሳ ስምንት ዓመት ፎቶ ቤት ነበራቸው። ሰው ይመጣል፣ ፀጉሩን ያበጥራል፣ ይነሣል፣ ይሄዳል። አንዳንዱ ፎቶውን ሊወስድ አይመለስም። ጋሽ ፀሐዬ ግን ያልተወሰደ ፎቶ ጥለው አያውቁም፤ መስኮታቸው ላይ ይደረድሩታል፣ መስኮቱ ሲሞላ ካርቶን ውስጥ ያስቀምጡታል። ከሃያ ዓመት በፊት ልጃቸው ገብረአብ ካርቶኖቹን ሁሉ አውጥቶ ድረ ገጽ ሠራላቸው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ያለው። ከሥሩ ደግሞ የጎብኚዎች መዝገብ አለ። ከየትም ሆኖ ገጹን የከፈተ ሰው ፊት ሲያውቅ እዚያ ይጽፋል፤ አዲሱ መልእክት ከላይ ይቀመጣል፣ የድሮው ወደ ታች ይወርዳል።

ገብረአብ ድረ ገጹን ሠርቶ አራት ዓመት ሳይሞላው በመኪና አደጋ ሞተ። ረይሀና አታውቀውም፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቀጭን፣ ጆሮው ወጣ ያለ ልጅ ነው ለእሷ። ፎቶ ቤቱም ፈርሷል። በቦታው አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት አለ። የቀረው ድረ ገጹ ነበር።

ሐምሌ ላይ ድረ ገጹ ከተቀመጠበት ድርጅት ደብዳቤ መጣ። እንግሊዝኛ ስለሆነ ረይሀና አነበበችላቸው። ድረ ገጹ የተቀመጠበት ሰርቨር፣ የድርጅቱ ትልቅ ኮምፒውተር፣ በጣም አርጅቷል፤ ነሐሴ ሲያልቅ ይዘጋል፤ ባለቤቱ ንብረቱን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውር ይላል።

«ይሄኛውንም አፍርስ ነው የሚሉኝ?» አሉ ጋሽ ፀሐዬ።

«አይ ጋሼ፣ ማዛወር ብቻ ነው። እኔ አዛውረዋለሁ፤ አይሲቲ ክበብ ተምረነዋል።»

«እስከ ታች ድረስ? አንድም ሳይቀር?»

«አንድም ሳይቀር።»

ይህን ያለችው ቆሎ እየቆረጠመች ነበር። እንደ ቀላል ነገር።

አሁን ፎቶዎቹን ሁሉ በፍላሽ ገልብጣ፣ አዲሱን ገጽ በክፍሏ ልጅ በመሓሪ ላፕቶፕ ላይ አሰናድታለች። የቀራት የጎብኚዎቹን መዝገብ መገልበጥ ነው። ከዚያ በፊት ግን አሮጌው ገጽ ላይ «ተዛውረናል» የሚል ማስታወቂያ ልትለጥፍ አሰበች። ገብረአብ ይጠቀምበት የነበረውን ፕሮግራም ከፈተች። ጻፈች። «ፐብሊሽ»፣ አትም፣ የሚለውን ተጫነች።

ማሽኑ ጠየቃት። ሰርቨሩ ላይ እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ የሌሉ ፋይሎች አሉ፣ ይጥፉ ወይ? ከሥሩ «የስ» እና «ኖ»።

ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀምሮ ነበር። እናቷ ልብስ ማስጣቷን አስታወሰች። የአይሲቲ መምህራቸው ደግሞ ቤት ሲቀየር ቆሻሻው ቀድሞ ይወጣል ይሏቸው ነበር። «የስ» አለችው።

ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። እንደዚያ ፈጥኖ ሰምታው አታውቅም።

ልብሱን አስገብታ ተመለሰችና መዝገቡን ከፈተች። ነጭ ነው። አንዴ አደሰችው፤ ነጭ። ሁለተኛ። ገጹ አልተገኘም ይላል።

ቁጭ ብላ አሰበችው፣ ቀስ ብሎም ገባት። መዝገቡ ከመጀመሪያውም እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ሰዎቹ የጻፉት እዚያው፣ ሰርቨሩ ላይ ነው። ለዚህ አሮጌ ማሽን የሃያ ዓመት ጽሑፋቸው ባዕድ ነው። ይጥፋ ወይ አለ፣ ይጥፋ አለችው።

ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ። ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ፣ ቡናማ በሆነ ፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት አለች። በእስክሪብቶ፣ በተጣደፈ እጅ፦ «አባዬ፣ ሲጠይቅህ አይሆንም በል። ገ.»

ማንበብ ከቻለች ጀምሮ ታውቃታለች። ግቢው ሁሉ ያውቃታል። እናቷ ገበያ ላይ ሰው ሲያስቸግራት «ሲጠይቅህ አይሆንም በል አለ ገብረአብ» እያለች ትስቃለች። መሓሪ መጀመሪያ ያያት ቀን «የአራዳ መፈክር!» ብሏል። ማን እንደሚጠይቅ፣ ምን እንደሚጠይቅ ግን አንዳቸውም አስበው አያውቁም።

መሓሪ ስትደውልለት ላፕቶፑን ጃኬቱ ውስጥ ደብቆ፣ ከእሪ በከንቱ እየሮጠ መጣ። አራተኛዋን ሳንቃ ረገጣት፣ እንደ ሁልጊዜው።

«ምን ሆንሽ? ድምፅሽ በስልክ ሞተ እኮ።»

ነገረችው። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን ዋጠው።

«ሁሉንም?»

«ሁለት መቶ ስድስት መልእክት።»

«ተበላን በቃ።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ኢንተርኔት ላይ የድሮ ድረ ገጾች ተቀድተው የሚቀመጡበትን ቦታ ፈለገ። የፊቱ ገጽ አለ፤ ጥቂት ፎቶዎችም አሉ፤ መዝገቡ ግን የለም። ለድርጅቱ ጻፉ። መልሱ በማግስቱ መጣ፣ ሁለት መስመር። ለአሮጌው ሰርቨር ቅጂ መያዝ ካቆምን ቆይተናል፣ ስለተፈጠረው ነገር እናዝናለን ይላል።

«በይ ስሚኝ» አለ መሓሪ ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ። ትምህርት ቤታቸው አጥር ሥር ቆመዋል፤ የክረምት ክበብ አሁን ተበትኗል። «ሁለት መንገድ ነው ያለው። አንደኛ፣ ድርጅቱ ከቀኑ በፊት ዘጋው እንላለን። ማን ያጣራል?»

«ጋሼ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነብበውኛል። ቀኑን በቃላቸው ይዘውታል።»

«ሁለተኛ፣ መልሰን እንጽፈዋለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ስታነቢላቸው አልነበር? ስንቱን ታስታውሻለሽ?»

«ከላይ ያሉትን። ሠላሳ፣ አርባ…»

«አርባ ይበቃል! ከዚያ በታች ያለውን እኔ እሞላዋለሁ። ሽማግሌው እንደሁ አያዩም።»

«መሓሪ!»

«ምን አልኩ? አያዩም እኮ። አታካብጂ። ስድብ አይደለም፣ በሽታ ነው።»

እውነት ነው። ጋሽ ፀሐዬ እስከ አምና ድረስ በፎቶ አንሺ ማጉያ መነጽራቸው ስክሪኑ ላይ ተደፍተው ያነቡ ነበር። ቅዳሜ ረይሀና አዳዲሶቹን ካነበበችላቸው በኋላ «አሁን እስከ መጨረሻው አውርጂልኝና ሂጂ» ይሏታል። ምን እንደተጻፈ ሳታይ ታወርድና ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ከላይ የወንበር ድምፅ እንኳ ሳይሰማ ብዙ ይቆያሉ። ዘንድሮ ግን ማጉያውም አልበቃ ብሏል።

ሁለት ቀን ጻፉ፣ በረይሀና ቤት፣ እናቷ ሱቅ ስትውል። ረይሀና የምታስታውሰውን ትናገራለች፣ መሓሪ ይተይባል። ሓዳስ የምትባል ሴትዮ የጻፈችው መልእክት ሙሉ በሙሉ በአእምሮዋ አለ፦ «ቁጥር 87 እናቴ ናት። የለበሰችው ቀሚስ የጎረቤት ነው። በዕድሜዋ አንድ ፎቶ ነው የተነሣችው፣ እሱም እናንተ ዘንድ ቀረ።» ከጻፉት በኋላ ግን ረይሀና መስመሩን ደግማ አነበበችው።

«ምነው?»

«የጎረቤት ነው ወይስ የእህቷ?»

«ምን ለውጥ አለው?»

«ቀሚሱ እኮ ነው…» አለች፤ የቀረውን እንዴት እንደምትናገረው አላወቀችም። ሓዳስ የምትባል ሴትዮ የሆነ ቦታ አለች፣ የማን ቀሚስ እንደሆነ ታውቃለች። ረይሀና አታውቅም። እና የጻፈችው ረይሀና ናት።

የመሓሪ ፈጠራ ደግሞ ያስፈራ ነበር፣ ከማማሩ የተነሣ። «ቁጥር 19 አጎቴ ገብረዮሐንስ ነው፤ ያን ቀን ጥርሱን ታሞ ነበር፣ ለዚያ ነው አፉን የገጠመው።» ፎቶውን ሲያዩት ሰውዬው በእርግጥም አፉን ገጥሟል። «ይነፋል አይደል?» አለ መሓሪ። ረይሀና ፈገግ አለች፣ ወዲያው አፈረች። ያ ሰውዬ ማን ነው? ማንም አልጻፈበትም። ስም የሌለው ሰው ነው፣ አሁን በግድ ስም ተሰጠው።

ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ከጣሪያው በላይ ያለውን ጠቅታ ሰማች። ትራሷን ጆሮዋ ላይ ደፋችው።

ቅዳሜ ጋሽ ፀሐዬ ሱፍ ኮታቸውን ለብሰው ጠበቋቸው። ሠርግ የሚሄዱ ይመስላሉ። ጢማቸውን ተላጭተዋል፤ አገጫቸው ሥር ትንሽ ደም ደርቃለች። ጠረጴዛው ላይ ቆሎ በሰሃን አለ፣ ሦስት ብርጭቆ ሻይም ተቀድቷል።

«ግቡ፣ ግቡ። መሓሪ፣ አንተ ልጅ፣ ያቺን ሳንቃ አንድ ቀን ትሰብራታለህ።»

«ይቅርታ ጋሽዬ፣ እግሬ ፋራ ነው።»

ሳቁ። ረይሀና ላፕቶፑን ከአሮጌው ኮምፒውተር ጎን አስቀመጠች። ማሽኑ ጠቅ አለ። ወረቀቷ ከላይ አለች። ላለማየት አንገቷን አቀረቀረች።

«ፎቶዎቹ ሁሉም አሉ ጋሼ። አሁን በስልክም ይከፈታል።»

«መዝገቡስ?»

«አለ» አለ መሓሪ ቀድሟት።

«እስኪ አንብቢልኝ፣ ረይሀንዬ።»

አነበበች። ጋሽ ፀሐዬ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ። የሓዳስ ጋ ስትደርስ ከንፈራቸው አብሯት ተንቀሳቀሰ። ቀሚሱ ላይ ግን ቆም አለ፤ ትንሽ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ረይሀና ፈጠን ብላ ቁጥር አሥራ ዘጠኝን አነበበች።

«ይሄን አላስታውሰውም።»

«አዲስ ነው፣ ጋሽዬ» አለ መሓሪ።

«አዲስ ነው? እንዴት ደስ ይላል። አሁንም ሰው ይመጣል ማለት ነው።» ዓይናቸውን ገለጡ። ውስጡ ነጭ ጉም አለበት። «ስሙን ማን አልሽኝ? ገብረዮሐንስ? ጥርሱን ታሞ… እዩ እንግዲህ። እኔ ደግሞ የተቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ሳነሣው ነው የምላችሁ። ሠላሳ ዓመት የተቆጣኝ መስሎኝ።»

ረይሀና መሓሪን አየችው። መሓሪ ሻዩን እያየ ነበር።

«በይ አሁን እስከ መጨረሻው ውረጂ» አሉ ጋሽ ፀሐዬ፣ ወንበራቸውን ወደ እሷ እያስጠጉ። «ድሮ ራሴ ነበርኩ የማነባት፤ አሁን ዓይኔ እምቢ አለ። ከሁሉም ሥር ያለችውን አንብቢልኝ።»

ከሥር ያለው መሓሪ የፈጠረው ነው፤ ስለ አንዲት ሙሽራ። ረይሀና ጣቷን አላንቀሳቀሰችም።

«አጭር ናት» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ፣ ሚስጥር እንደሚያወራ ሰው። «ቁጥርም የላት፣ ፎቶም የላት። ገብረአብ መዝገቡን የሠራ ለት ጻፋት፣ ይሠራ እንደሁ ሊያይ። "ሙከራ። አባዬ፣ ይታይሃል?" ነው የምትለው። ይኸው ናት። በቃሌ አውቃታለሁ፣ ግን በሰው አፍ ሰምቻት አላውቅም። እስኪ አንብቢያት።»

ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። ማሽኑ ብቻ ነው የሚሰማው።

ረይሀና ስክሪኑን አየች። ሁለት ዓረፍተ ነገር ናት። ቃሏ ተነግሯታል። ማንበብ እንኳ አያስፈልግም፣ መድገም ብቻ። መሓሪ ከሽማግሌው ጀርባ ሆኖ በዓይኑም በአገጩም ይለምናታል፤ በይው፣ በይውና እንገላገል። እሳቸው ደግሞ ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘንብለው፣ የኮታቸውን ቁልፍ በሁለት ጣት ይዘው ይጠብቃሉ። ደስ ይላቸዋል። ዛሬ ደስ ይላቸዋል፣ የሚቀጥለው ቅዳሜም፣ ከዚያ በኋላ ያለውም። እሷም እየወጣች በየሳምንቱ ትላታለች። አባዬ፣ ይታይሃል?

አፏን ከፈተች። የመጀመሪያው ፊደል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«ጋሼ፣ እዚህ የለችም።»

«ደኅና አድርገሽ ውረጂ፤ ከሥር ናት።»

«ከሥርም የለችም። መዝገቡ የለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አሁን ያነበብኩልዎት እኛ የጻፍነው ነው። የሓዳስ የማስታውሰውን ያህል ነው… ቀሚሱን እርግጠኛ አይደለሁም። ሌላው ውሸት ነው። ገብረዮሐንስም።»

መሓሪ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ጋሽዬ፣ እኔ ነኝ ያልኳት…» ብሎ ጀመረና ተወው።

ጋሽ ፀሐዬ አልተንቀሳቀሱም። ጆሯቸው አሁንም ወደ እሷ እንዳዘነበለ ነው። ረይሀና ይቅርታ ልትል ፈለገች፤ ቃሉ ትንሽ ሆነባት፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ ሊወረወር የማይገባ ጠጠር መሰላት።

«ማሽኑ ጠይቆሽ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«ጠይቆኝ ነበር።»

«አዎ ነው ያልሽው?»

«አዎ ነው ያልኩት።»

ጋሽ ፀሐዬ ተነሡ። ወደ አሮጌው ኮምፒውተር ሄደው መዳፋቸውን አናቱ ላይ አሳረፉ፤ ትኩሳት እንዳለበት ልጅ ግንባር። ከዚያ ጣታቸው በስክሪኑ ጠርዝ ዳሰሰ፣ ወረቀቷን አገኘ፣ እንዳልተላጠች አረጋገጠ። ባርኔጣቸውን አደረጉ። ከራሳቸው ቤት፣ ሻያቸውን ሳይነኩ፣ በሩን ክፍት ትተው ወጡ።

«የት ነው የሚሄዱት?» አለ መሓሪ በሹክሹክታ።

ረይሀና ወደ በሩ ተጠጋች። ዝናቡ እንደገና ጀምሯል። ጃንጥላቸው በሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። እጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሰ ሲወርድ ሰማች፤ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ በጣም ቀስ ያለ። ከዚያ አራተኛዋ ሳንቃ ጮኸች፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ።

በእሳቸው እግር ስትጮህ ሰምታት አታውቅም ነበር።